በክር ያልተያዘ ቁልፍ

ዩዌላን ባሏን በየማለዳው እንደ ሕፃን ማልበስ ከጀመረች አራት ወር አለፋት። በሩን ትቀረቅራለች፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ከዚያ ከአንገቱ ጀምራ ሸሚዙን እየቆለፈች ወደ ታች ትወርዳለች። ቾንግሚን እጁ መንቀጥቀጥ ከያዘው ወዲህ አንዲት ቁልፍ ለመቆለፍ ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ያውም ከተሳካለት። አርባ ዓመት ሙሉ የልብስ ቁልፍ ሲሠራ የኖረ ሰው እኮ ነው!

«ቶሎ በይ እንጂ» ይላታል በሩን በጎን ዓይኑ እያየ። «ልጅቱ ትነሳለች።»

«ብትነሳስ? ሚስት ባሏን ብታለብስ ወንጀል ነው?»

«ዳይ ቾንግሚን ቁልፍ መቆለፍ አቃተው ከሚባል ራቁቴን ገበያ ብወጣ እመርጣለሁ።»

«ውጣ፣ ከልካይ የለህም። ያን የዶሮ ደረትህን ማን ዞር ብሎ እንደሚያይልህ አያለሁ።»

እሱ ይስቃል። እሷም ትስቃለች፤ ግን ጣቶቿ ከግራ ትከሻው ዝቅ ብለው ደረቱ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ዝግ ይላሉ። እዚያ ከቆዳው ስር የክብሪት ሳጥን የምታህል ነገር አለች። ጠንካራ ናት፣ ጠርዟ ይዳሰሳል። ቾንግሚን በጣም ከስቷል፤ ሳጥኗ በሸሚዙ ላይ ልትታይ ምንም አልቀራት።

ሳጥኗን ያስገቡለት በመኸር ከሚከበረው የጨረቃ በዓል ማግስት፣ ወንዡው በሚባለው ከተማ ሆስፒታል ነው። ለልጃቸውም ለሠራተኞቹም «ማሽን ልናይ ነው የምንሄደው» ብለው ነበር የወጡት። አንዲት ወጣት ሐኪም ሁለቱንም አስቀምጣ በደንብ አስረዳቻቸው። ልቡ አንዳንዴ ያብዳል አለች። ሲያብድ ይህቺ ሳጥን በኤሌክትሪክ ትመታዋለች፣ ወደ ቦታውም ይመለሳል። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ ዩዌላን ዞረች።

«ከማግኔት ያርቋቸው። ቢያንስ አንድ ስንዝር። ማግኔት ሳጥኗን አያበላሻትም፣ ያስተኛታል። መተኛት ስትጀምር ለጥቂት ጊዜ ጢጥ ጢጥ ትላለች፤ ያን ከሰሙ በአጠገባቸው ያለውን ነገር ያንሱ፣ ወዲያው ትነቃለች። ተኝታ ሳለ ልባቸው ካበደ ግን የሚመልሰው የለም።»

ወደሚኖሩበት ከተማ ወደ ቺያዎቶው ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ቾንግሚን እጇን ያዘ። መያዝ ብቻ አይደለም፣ ጨመቀው።

«ለማንም አትናገሪም። ለሩዪንም ቢሆን።»

«ልጅህ አይደለችም?»

«ልጄ ስለሆነች ነው። ወንድሜ ዪፑ በሽተኛ መሆኔን የሰማ ዕለት ወንበሬ ላይ ይቀመጣል። አባታችን ያወረሰን እንደዚያ ነው፣ ታላቅ ሲደክም ታናሽ ይረከባል። እሱ ደግሞ ማሽኖቹን ሸጦ ቤቱን ያከራየዋል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የሚያወራው ይህንኑ ነው። ሩዪን የራሷን ቁልፍ ሠርታ በስሟ ትእዛዝ እስክታገኝ ድረስ ዝም በይ። ከዚያ በኋላ ከፈለግሽ በድምፅ ማጉያ ንገሪ።»

«እሺ፣ ዝም እላለሁ።»

«ሩዪን ትሙት በይ።»

ዩዌላን ክው አለች። «ምን ሆነሃል አንተ ሰው! በሌላ ልማል።»

«በሌላ ከማልሽማ ነገ ታወሪያለሽ። አውቅሻለሁ። ሩዪን ትሙት በይ።»

አይ ዩዌላን! በዚያች ደቂቃ «አልልም» ብላ ከአውቶቡሱ ብትወርድ ኖሮ! እሷ ግን ፊቱ እንደ ሰም ነጥቶ ስታየው አንጀቷ አልቻለም። «ሩዪን ትሙት» አለች፣ አንዴ፣ በሹክሹክታ። ከፊታቸው የተቀመጠችው ሴትዮ ዞር ብላ አየቻት።

በአሥራ አንደኛው ወር ሳጥኗ ሥራዋን አሳየች። ቾንግሚን የወርክሾፑን ደረጃ ሲወጣ በቅሎ እንደረገጠችው ሁሉ ወደ ኋላ ተወርውሮ ከግድግዳው ተጋጨ። ዩዌላን ሮጣ ስትደርስ ዓይኑን ገልጦ «ማነው የመታኝ?» አላት። ከዚያ ሳቀ። እሷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፣ እሱ ጀርባዋን እየዳበሰ «በቃ፣ በቃ፣ ተመለስኩ» እያለ አባበላት። በዚያን ቀን ነበር የሳጥኗ ዋጋ የገባት። ያቺ ቁራጭ ብረት ባትኖር ኖሮ ባሏ ከዚያ ደረጃ አይነሳም ነበር።

ከልጅ ዓይን ደግሞ ምን ይሰወራል? አንድ ቀን ዩዌላን ዓሣ ልትገዛ በማለዳ ወጥታ ቾንግሚን በራሱ ለብሶ ወረደ። ሸሚዙ ተንሻፎ ተቆልፏል፣ አንዱ ጎን ከሌላው በአንድ ጣት ዝቅ ብሏል፣ መሐሉ ጭራሽ ክፍት ነው። ሩዪን የሩዝ ገንፎዋን እየበላች አየችው።  ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ሃንግዡው ዲዛይን ተምራ የተመለሰች፣ ስትናደድም ሆነ ስታዝን ወደ ሥራ ጠረጴዛዋ የምትሮጥ ልጅ ናት። በዚያኑ ዕለት ከእናቷ የሥራ ቦታ ጎን ጠረጴዛ ዘርግታ ትስል ጀመር።

«ምንድን ነው የምትሠሪው?» አለቻት ዩዌላን።

«ያለ መርፌ፣ ያለ ክር፣ ያለ ቀዳዳ የሚያዝ ቁልፍ። ስትፈልጊ ትለጥፊዋለሽ፣ ስትፈልጊ ታነሺዋለሽ።»

«ክር ምን በደለሽ? እዚህ ከተማ ስንት ሰው በክር እንጀራውን ይበላል።»

«ሳቂብኝ እማዬ፣ ሳቂ። ቆይ ብቻ።»

የመጀመሪያው ሙከራዋ ከጀርባው እሾህ ነበረው፤ እሾሁ ጨርቁን ወግቶ ክዳን ውስጥ ይገባል። ጂንስ ላይ አሪፍ ያዘ። ሐር ላይ ሲሞክሩት ግን አይጥ እንደበላው አደረገው፣ ሩዪንንም አውራ ጣቷን ወጋት። ሁለተኛው የሚጠመዘዝ ነበር። ዩዌላን ራሷ ሠላሳ ዓመት ቁልፍ የሰረሰረችበትን ማሽን ከፍታ ጥርሱን አወጣችላት። ጥሩ ያዘ። ልጅቱ ግን መነጽር አድርጋ፣ ወፍራም ጓንት አጥልቃ ለመጠምዘዝ ሞከረች፤ ሦስቴ ከእጇ ወደቀ። «አይሆንም» ብላ ቅርጫት ውስጥ ወረወረችው። ዩዌላን ጓንቱ ለምን እንዳስፈለገ አልገባትም፣ አልጠየቀችምም።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል በፖስታ ትንሽ ከባድ እሽግ መጣ። ሩዪን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው፤ የወርክሾፑ መቀስ በራሱ ተንሸራቶ ሄዶ እሽጉ ላይ ቀጭ አለ። ሠራተኞቹ ሳቁ።

ዩዌላን አልሳቀችም። የያዘችው የሻይ ብርጭቆ እጇ ላይ ቀዘቀዘ።

«ማግኔት ነው» አለች ሩዪን፣ ዓይኗ በደስታ እየበራ። «አየሽ፣ አንዱ ከውጭ በቁልፉ ሆድ ውስጥ፣ ሌላው ከጨርቁ ስር። መውጋት የለ፣ መጠምዘዝ የለ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ብታቀርቢው ራሱ ይያዛል።» ሁለቱን ስታቀራርብ የጣቷን ጫፍ ቆነጠጧት፣ ወዲያው ደም ቋጠረ። «ኃይሉን እዪልኝ!» አለች ጣቷን እየመጠጠች።

እዚህ ላይ የዳይ ቤተሰብ ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። የቾንግሚን አባት በሁለት ቅርጫት ቁልፍ ተሸክሞ በየመንደሩ ይሸጥ የነበረ ሰው ነው። የራሱ ቤት ያልለበሰውን ቁልፍ ለሰው አልሸጥም ይል ነበር። ስለዚህ አዲስ ቅርጽ በወጣ ቁጥር፣ በአዲሱ ዓመት ስምንተኛ ቀን ወርክሾፑ ሲከፈት፣ የቤቱ አባወራ የመጀመሪያዋን ቁልፍ በግራ ደረቱ፣ ልቡ ላይ አድርጎ እስከ ማታ ይውላል። ገዢዎቹ ሁሉ ያውቁታል፤ ያችን ቁልፍ አባወራው ደረት ላይ ሳያዩ አይፈርሙም። ታዲያ ዩዌላን ማግኔቱን እንዳየች ያሰበችው ምንም ሌላ ነገር አልነበረም። የትኛው ቦታ ላይ እንደምትውል ነው ያሰበችው።

ያን ማታ ስጋቷን ስትነግረው ቾንግሚን የስንዴ ቂጣውን እየገመጠ ሰማትና ትከሻውን ሰበቀ።

«አንድ ቀን ነው። አንድ ቀን ብትተኛ ምን አለበት? እኔስ እሑድ እሑድ ስተኛ ማን ቀስቅሶኝ ያውቃል?»

«አትቀልድብኝ! ሐኪሟ ያለችውን ረሳኸው?»

«ልቤ በአራት ወር ስንቴ አበደ? አንዴ።»

«ያንዴዋስ? ያንዴዋ በዚያን ቀን ብትሆንስ?»

ቂጣውን አስቀመጠ። «የሩዪን እናት፣ ስሚኝ። ደረቴ ላይ ካላደረግኳት ዪፑ ለምን ይላል። ለምን ካለ ይደርስበታል። ከደረሰበት ልጅቱ ባዶ እጇን ቀረች። ስለዚህ አደርጋታለሁ። አንቺም ማልሻል።»

በባሏ በኩል እንዳልሆነ ስታይ ወደ ልጇ ዞረች። ምን ያላለችው አለ! ማግኔት ይዝጋል አለች፤ ሩዪን ተሸፍኗል አለች። ሕፃናት ይውጡታል አለች፤ ሩዪን ያን አስቤበት ክዳኑን አጥብቄዋለሁ አለች። ልብስ ማጠቢያ ማሽን ያበላሻል፣ ሽማግሌዎች ይፈሩታል፣ የመብረቅ ነገር አለው... መብረቅ ላይ ስትደርስ ሩዪን ብዕሯን ጣለች።

«እማዬ፣ ምን አድርጌሽ ነው? ሰው ሁሉ ያደንቃል፣ አንቺ ብቻ አቃቂር ታወጪያለሽ።»

«እኔማ...»

«ለማን ብዬ የምሠራው ይመስልሻል?» የልጅቱ ድምፅ ተሰበረ። «አባዬ መቆለፍ አቅቶታል። አይቼዋለሁ። አንቺ በሩን ዘግተሽ እንደምታለብሺው አውቃለሁ፣ ሳቃችሁን ከደረጃው እሰማለሁ። ያፍራል ብዬ ዝም አልኩ። ይህችን ቁልፍ በሚንቀጠቀጥ እጅ እንኳ ይይዛታል፣ በጓንት ሞክሬዋለሁ። በዓሉ ያልፍና ሸሚዞቹን ሁሉ እቀይርለታለሁ፣ በየአንዳንዱ ላይ ስድስት ስድስት። እንዳትነግሪው።»

ዩዌላን አፏን ከፈተች። ከምላሷ ላይ የመጣውን ቃል ግን መሐላው ያዘው። ሩዪን ትሙት። ልጇ ከፊቷ ቆማለች፣ አንገቷ ላይ ሥሯ ሲመታ ይታያል። ብትናገር ያ ሥር መምታቱን ቢያቆምስ? ሞኝነት ነው በሉ፤ በገዛ ልጁ ራስ ላይ የማለ ሰው ያውቀዋል። አፏን መልሳ ዘጋች። በየሸሚዙ ስድስት ስድስት የሚለው ግን ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ ውስጥ ሲያቃጭል ዋለ።

በአዲሱ ዓመት ሰባተኛ ቀን ከሰዓት በኋላ አባትና ልጅ ዘመድ ሊጠይቁ ወጡ። ዩዌላን እግሬን አመመኝ ብላ ቀረች። ቾንግሚን ነገ የሚለብሰው አዲሱ ጥቁር ጃኬት ወንበር ላይ ተሰቅሏል፤ በግራ ደረቱ ላይ የሩዪን ቁልፍ ተለጥፋለች። ቆንጆ ነበረች። ሰማያዊ፣ መሐሏ ላይ የወንዙ ውኃ ሲዞር የሚመስል መስመር ያላት።

አነሳቻት፤ ከጃኬቱ ስር ያለው ግማሽ መሬት ወደቀ። በቢላ ጫፍ ማግኔቶቹን ፈልቅቃ አወጣች። ከዚያ ማሽኗ ላይ ተቀምጣ በቁልፉ ጀርባ ጠርዝ ላይ ሁለት ቀዳዳ ሰረሰረች፣ ፀጉር የሚያህሉ። ሠላሳ ዓመት የሰረሰረች እጅ እንቁላልም ብትሰጧት ሳትሰብር ትሰረስራለች። በጥቁር ክር፣ ከፊት ምንም እንዳይታይ አድርጋ፣ ሰባት ጊዜ አመላልሳ ሰፋቻት። ማግኔቶቹን የሻይ ቆርቆሮ ውስጥ ከታ ከመደርደሪያው ጀርባ ደበቀች። ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ቀለል አላት። ይለብሳታል፣ ሰው ያያታል፣ ገዢው ይፈርማል፣ ይመሻል፣ አለቀ። እንዲህ ነበር ያሰበችው፣ ምስኪን።

በስምንተኛው ቀን ግቢው ጢም ብሎ ሞላ። ከሦስተኛው ፎቅ እስከ መሬት የሚደርስ ቀይ ርችት ተንጠልጥሏል። የበዓል ገንዘብ ያለበትን ቀይ ፖስታ የተቀበሉ ሠራተኞች መንደሪን እየላጡ ይስቃሉ። ከጓንግዡው የመጣው ትልቁ ገዢ ሉዎ ከነሆዱ መሐል ላይ ቆሟል፤ ዪፑ ከጎኑ ሻይ እየቀዳለት፣ እየሳቀለት። ቾንግሚን ጃኬቱን ለብሶ ሲወጣ ጭብጨባ ሆነ። ሩዪን ጠረጴዛው ላይ በትሪ ሃያ ቁልፎች ደርድራ ስለ ሥራዋ ተናገረች፤ ድምፅዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠ እንጂ ጥሩ ተናገረች።

«ቃሉ ጥሩ ነው» አለ ሉዎ። «በሉ ጋሽ ዳይ፣ ይንቀሏትና መልሰው ይለጥፏት። ዓይኔ ይየው።»

ዩዌላን ይህን አላሰበችውም ነበር። ቁልፏን ሰው እንደሚያያት እንጂ እንደሚነቅላት አላሰበችም።

ቾንግሚን ያዘና ሳበ። አልመጣችም። ደግሞ ሳበ። ጃኬቱ ተወጥሮ ተከተለው።

«ይህማ ጥሩ ይይዛል» አለ አንዱ፣ ሳቅ ሆነ።

ዪፑ ጠጋ ብሎ ጃኬቱን ገለጠ፤ ፊቱ በራ። «እትዬ ዩዌላን! ይህ ክር አይደለም እንዴ? ጋሼ፣ ያለ ክር የሚያዘው ቁልፍህ በክር ተሰፍቷል! ሰባት ዙር!»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ሩዪን የአባቷን ጃኬት ውስጥ አየች፣ ከዚያ እናቷን አየች። ያን አስተያየት ዩዌላን እስክትሞት አትረሳውም። ልጅቱ አልተቆጣችም፣ ግራ ገብቷት ነበር፤ እንደ ሕፃን።

ቾንግሚንም ሚስቱን አያት። ሁሉ ነገር ገባው። ከዚያ ከሁሉም በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሳቀ።

«እኔ ነኝ ያሰፋኋት! ልጄ የሠራችው የመጀመሪያ ቁልፍ ትጥፋብኝ? ሽማግሌ ነኝ፣ ኪሴን እንኳ እጥላለሁ። ስፊልኝ አልኳት።»

«እንግዲያ እውነተኛዋን አሳየን ጋሼ» አለ ዪፑ። «ወይስ እውነተኛ የላትም?»

ሉዎ እጁን አጣምሮ ይጠብቃል። ቾንግሚን መቀስ አንስቶ ክሩን በጠሰ። ከትሪው ላይ አንዲት ሰማያዊ ቁልፍ አነሳ። ዩዌላን ሰዎችን እየገፋች ወደ ፊት መሄድ ጀመረች። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሁሉም ያየዋል። የስሩን ግማሽ ከጃኬቱ ውስጥ አስገባ፣ ቁልፏን ከውጭ አቀረበ።

ቀጭ።

አራት ወር ሙሉ ምንም አልቆልፍ ያለው እጅ በአንድ ሙከራ ቆለፈ። ሉዎ «አቤት!» አለ፤ ሰው አጨበጨበ። ሩዪን አፏን በሁለት እጇ ይዛ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ አባቷ የራሱን እጅ እንደ ሰው እጅ እያገላበጠ ያይ ነበር። ደስ ብሎታል፤ ይህ እንኳ እውነት ነበር፣ ከልቡ ደስ ብሎታል።

በዚያ ጭብጨባ መሐል ሰማችው። ቀጭን፣ እንደ ፌንጣ። ጢጥ። ጢጥ። ጢጥ።

«የማን ስልክ ነው?» አለ ሉዎ ዙሪያውን እያየ።

«የልጄ ቁልፍ ናት» አለ ቾንግሚን ደረቱን በመዳፉ ሸፍኖ። «ትዘፍናለች!»

ሰው እንደገና ሳቀ። ዩዌላን ደርሳ ክንዱን ያዘችው፣ በጥርሷ መሐል «አሁኑኑ አውልቃት» አለችው። «አለበለዚያ እናገራለሁ።»

«ሉዎ እስኪፈርም። አንድ ሰዓት ብቻ።»

«እናገራለሁ አልኩህ!»

ጎንበስ ብሎ ጆሮዋ ውስጥ «የማልሽው በማን ነው?» አላት። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። ልመና ነበር።

እጇ ክንዱን ለቀቀ። የጢጥታው ድምፅ ቆመ፤ ሳጥኗ ተኝታለች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ዩዌላን ከባሏ ፊት በቀር ያየችው ነገር የለም። ሉዎ ሲፈርም፣ ሩዪን በስሟ ማኅተሟን ስታሳርፍ፣ ዪፑ የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጦ ሳይሰናበት ሲወጣ፣ ሁሉም እንደ ሕልም አለፈ። አለቀ፣ አሁን ያወልቃታል ብላ አንድ እርምጃ ወደፊት ስትል ሠራተኞቹ «ርችት! ርችት!» እያሉ ቾንግሚንን ከበቡት። ርችቱን የሚለኩሰው አባወራው ነው። ክብሪት እጁ ላይ አስቀመጡለት፣ ወደ ደረጃው ገፉት።

ለኮሰ። ግቢው በፍንዳታ ተናወጠ፣ ቀይ ወረቀት እንደ ዝናብ ወረደ፣ ጭሱ ሁሉን ዋጠ። ዩዌላን ጭሱ ውስጥ ዘልቃ «የሩዪን አባት!» ብላ ጮኸች። የራሷን ድምፅ እንኳ አልሰማችም። ሰው ጆሮውን ይዞ ይስቃል። ርችቱ አላልቅ አለ፤ ሦስት ፎቅ ሙሉ ርችት ነው።

ጭሱ ሲሳሳ ቾንግሚን ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ራሱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ። ሰዎች ጭስ በዝቶበት ያረፈ መሰላቸው፤ አንዱ እንዲያውም መንደሪን አቀበለው። ዩዌላን ዘልላ ደረሰች፣ ቁልፏን ከደረቱ ላይ ነጠቀች። እጇ ላይ ይዛት ቆጠረች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አሥር ላይ ገላው ተወረወረ።

«ተንቀሳቀሰ! እማዬ ተንቀሳቀሰ!» ሩዪን አጠገቧ ተንበርክካለች።

ደግሞ ተወረወረ። ደግሞ። ሳጥኗ ነቅታ የቻለችውን ሁሉ አደረገች። ቾንግሚን ግን «ማነው የመታኝ?» አላለም።

አምቡላንስ ይዞ የመጣው ሐኪም ጃኬቱን ከፍቶ ጠባሳውን አየ፤ ዩዌላንን ወደ ጥግ ወስዶ «በአጠገባቸው ማግኔት ነበረ?» አላት።

«አልነበረም» አለች። ቁልፏ በጨበጠችው መዳፏ ውስጥ ነበረች፤ ልጇ አምስት እርምጃ ርቃ እያለቀሰች።

ገላውን ሲያጥቡ ሩዪንን አስወጣቻት። ሬሳው ከመቃጠሉ በፊት ሳጥኗ መውጣት አለባት፣ እሳት ላይ ትፈነዳለች አሉ፤ አውጥተው በትንሽ ከረጢት ሰጧት፤ እሷም ከሻይ ቆርቆሮው ማግኔቶቹን ጥላ እዚያ ውስጥ ደበቀቻት። ሩዪን አባቷን በአዲሷ ቁልፍ እንሸኘው ብላ ለመነች። የሟች ልብስ ቁልፍ አይደረግበትም፣ የልጆቹን ዕድል ቆልፎ ይወስዳል ብለው ሽማግሌዎቹ እምቢ አሉ። ስንት ሚሊዮን ቁልፍ የሠራ ሰው በጨርቅ ጥብጣብ ታስሮ፣ ያለ አንድ ቁልፍ ሄደ።

«ልቡ ያመው ነበር እንዴ?» አለች ሩዪን አንድ ቀን።

«የሽማግሌ ልብ ነው» አለች ዩዌላን።

«ቁልፏን ግን ወዷት ነበር፣ አይደል?»

«በጣም።»

የሐዘኑ አርባ ዘጠኝ ቀን እንዲህ አለፈ። ወርክሾፑ የሩዪን ሆነ፣ ማሽኖቹ ቀን ከሌት ሰማያዊ ቁልፍ ይተፋሉ፣ ልጅቱ ከስታ ግን ቆማ ትሠራለች። ዩዌላን ካርቶኖቹን በፕላስተር ታሽጋለች። የመሐላው ቃል አሁንም በአፏ ላይ እንደ ታሰረ ነው። ብትናገር ልጇ አባቷን የገደለችው በገዛ እጇ ሥራ መሆኑን ታውቃለች። ዝም ብላም ኖረች። የመጨረሻው ካርቶን ላይ ስትደርስ ግን ሩዪን የለጠፈችውን ጽሑፍ አነበበች። «እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ አባቶች» ይላል።

እጇ ፕላስተሩ ላይ ቀረ። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አባቶች። ከእነሱ ስንቱ ሸሚዝ ስር ሳጥን አለ? ስንቷ ሚስት ናት ያቺን ቀጭን ድምፅ ስልክ ናት ብላ የምታልፋት?

ግቢው ውስጥ የጭነት መኪናው ጥሩንባውን ነፋ። ዩዌላን ተነስታ ከመደርደሪያው ጀርባ የሻይ ቆርቆሮውን አመጣች። ከውስጡ ሳጥኗን አውጥታ በልጇ ጠረጴዛ ላይ፣ በሥዕሎቹ መሐል አስቀመጠቻት።

«ምንድን ናት ይህቺ?» አለች ሩዪን።

ዩዌላን  ከካርቶኑ አንዲት ሰማያዊ ቁልፍ አንስታ ሳጥኗ ላይ አስቀመጠች። ቀጭ አለች።

ጢጥ። ጢጥ። ጢጥ።

ሩዪን መጀመሪያ ፈገግ አለች፣ ድምፁን ታውቀው ነበርና። አባቷ ትዘፍናለች ያለውን አስታውሳ ነው። ከዚያ ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«አባትሽ ደረት ውስጥ ነበረች» አለች ዩዌላን። «ልቡን የምትጠብቅለት። ማግኔት ያስተኛታል። እኔ አውቅ ነበር፣ እሱም ያውቅ ነበር። እንዳልናገር በአንቺ አስማለኝ።»

«ክሩ...» አለች ሩዪን። «የሰፋሽው...»

«ለዚህ ነው።»

ልጅቱ ወንበሩን ፈልጋ ተቀመጠች። ከንፈሯ ነጣ። «እኔ ነኝ የገደልኩት?»

«አይደለሽም! አፈር ስሆንልሽ፣ አይደለሽም። አንቺ እጁን ነው ያየሽው። አፌን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ።»

ሾፌሩ ራሱን በበሩ አስገብቶ «ልጫን ወይስ ልሂድ?» አለ።

«እንዳትጭን» አለች ሩዪን ሳትዞር። ድምፅዋ የእሷ አይመስልም ነበር።

ከዚያ ቁልፏን ከሳጥኗ ላይ አነሳች፣ ድምፁም ቆመ። ዩዌላን ጠረጴዛውን ተደግፋ የልጇን አንገት ታያለች፣ እዚያች ሥር ላይ፤ ሩዪን ትሙት ብላ የማለችውን መሐላ አሁን ሰብራለች። ሥሯ ትመታለች። አሁንም ትመታለች። ሾፌሩ መኪናውን አስነስቶ ባዶውን ሄደ፤ ዩዌላን ግን ምቱን መቁጠሯን አላቆመችም።